ከቆለፉ በኋላ እንደገና ማየት

ሚዛን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባስልኤል፤

ሰላምታዬ ከታች አለ፤ አልረሳሁትም። ከእሱ በፊት ግን ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት ልንገርዎት።

ትናንት ከቀትር በኋላ አማን ከተማ፣ በጓደኛዬ በሐያት ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብያለሁ። መብራት ሲመጣ ኔትወርኩም አብሮ መጣና የከርነሉን ፕሮጀክት ገጽ ከፈትኩ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት የሜሞሪ ስህተት «ተስተካክሏል» ይላል። ጮህኩ። ሐያት ደንበኛዋን ትታ ሮጣ መጣች። ወደ ታች ወረድንና የጸሐፊውን ስም አነበብን። ባስልኤል ይላል። ሌላ ስም የለም። ሐያት አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየችና፣ «ይሄ ሰውዬ ዘመድሽ ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ ማሽን?» አለችኝ። ደንበኛዋ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የሚቀጥለውን የምጽፈው ስለማያውቁት አይደለም፤ አላወቅሁም እንዳይሉ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ጀርመን፣ ድሬስደን የሚሠሩባቸው ትንንሽ መሣሪያዎች፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት የሚመዘግቡት፣ አንዳንዴ መዝገባቸው ውስጥ ባዶ ቦታ እየተገኘ ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ ከርሟል። ከርነሉ፣ የመሣሪያውን ሥራ ሁሉ የሚመራው ዋናው ፕሮግራም፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አውርጄ አነበብኩት፤ የት ላይ እንደሚጠፋም ደረስኩበት። ማስተካከያውን ጽፌ በቀጥታ ልልክ ስል «በእኔ በኩል ይለፍ፤ እኔን ያውቁኛል፣ ቶሎ ያዩልሻል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አመንኩ። የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎትና።

በየካቲት ፕሮጀክቱ ለሜሞሪው ክፍል ኃላፊ ይመርጣል። የሚያዩት በስም የተመዘገበ ሥራ ነው። ያንን ቦታ እፈልገዋለሁ፤ እዚሁ ሚዛን ተቀምጬ ልሠራው የምችለው ሥራ ነው። አሁን ግን በስሜ የተመዘገበ ምንም የለኝም።

ለፕሮጀክቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ፤ የማን እንደሆነ የሚገልጽ።

ሰላምታዬ ይኸውና፦ እንደምን ከርመዋል? እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅ። እኛ ደህና ነን።

ጽጌሬዳ

---

ድሬስደን፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታገኝ ልጅ፣ ለጽጌሬዳ፤

የሰማይና የምድር ፈጣሪ ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ። የሚዛን ዝናብ በተክሉ ላይ ይውረድ፤ በምታደርቁት ላይ አይውረድ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ስለሚሄድ ማን ማንን እንደሚመስል እንኳ አይታወቅም።

የኢሜይል ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትንሽ ተቆጥተሻል መሰለኝ። አሠራሩን ስለማታውቂ አልፈርድብሽም። እዚህ የላከው ሰው ስም ነው የሚወጣው፤ ክፋት የለበትም። ደግሞም እንዳለ አልላክሁትም። አሳምሬዋለሁ፤ አሳጥሬዋለሁም። አንቺ ቦታው ባዶ መሆኑን አስቀድመሽ አይተሽ፣ ከቆለፍሽ በኋላ ደግሞ እንደገና ታያለሽ። አንዴ የታየን ነገር ሁለቴ ማየት ጊዜ መፍጀት ነው ብዬ ያቺን መስመር አወጣኋት። አለቃዬ «ንጹሕ ሥራ» ብሎ አመሰገነው። የኔም የአንቺም ምስጋና ነው፤ በቤተሰብ መካከል ያንቺ የኔ አይባልም።

ጥሩ ላፕቶፕ ልልክልሽ አስቤያለሁ። በታኅሣሥ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ። ምን ዓይነት እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ።

ይህን ነገር ለእናትሽ ባትነግሪያት ይሻላል። ልቧን አታድክሚው።

ሁልጊዜ የሚያስብልሽ፣
ባስልኤል

---

ሚዛን፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባስልኤል፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ብርዱን ያቅልልዎት።

ላፕቶፑን አይላኩ። ያለኝ ይሠራል፤ ያንን ስህተት ያገኘሁትም በእሱ ነው።

እናቴ ሰምታለች። ቡና እየለቀመች ነበር የነገርኳት። እጇን ሳታቆም፣ «ባስልኤል? ትምህርት ቤት ሳለን ከኔ ደብተር ገልብጦ መምህሩ ሲይዘው፣ ‹እኔ ከመጻፌ በፊት ነው ከኔ የገለበጠችው› ያለ ልጅ እኮ ነው» ብላ ሳቀች። ልቧ አልደከመም።

አሁን ስላወጧት መስመር። ቁጣዬን ለጊዜው ይተዉትና ይህን ብቻ በጥሞና ያንብቡልኝ።

የእናቴን ቡና ማድረቂያ ያውቁታል። በሽቦ የተወጠሩት አልጋዎች አሁን በዝተዋል። ደንቡ ግን ያው የድሮው ነው፦ ቡና የሚያፈሰው ሰው አልጋው ራስጌ ላይ የኮባ ቅጠል ያደርጋል፤ ተይዟል ማለት ነው። ቅጠሉ የሚቀመጠው ሲፈስ ነው እንጂ ሰው ቡና ሊያመጣ ሲሄድ አይደለም። ቀድሞ ቢቀመጥ አንዱ ቅጠሉን አድርጎ ሄዶ ወሬ ሲይዝ፣ አልጋው ባዶውን ይውላል፣ የሌላው ቡና በቅርጫት ይሻግታል። ስለዚህ አልጋ አይተህ ትሄዳለህ፣ ቡናህን ተሸክመህ ትመጣለህ፣ ከማፍሰስህ በፊት ራስጌውን እንደገና ታያለህ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተሸካሚዎች ከሁለት ወገን ያንኑ ባዶ አልጋ አዩ። እሱ ቀይ እሸት ሊያመጣ ሄደ፤ እሷ የታጠበ ቡና። እሱ ቀድሞ መጣ፣ ቅጠሉን አድርጎ አፈሰሰ። እሷ በሌላኛው ጫፍ መጥታ፣ ራስጌውን ሳታይ፣ ቅርጫቷን ራሷ ላይ እንዳለ ዘቅዝቃ አፈሰሰችበት።

«ባዶ ነበር!» አለች።

«እኔም ባዶ ሆኖ ነው ያየሁት!» አለ እሱ።

የሥራው ኃላፊ ቲቶ መጥቶ ድብልቁን በእጁ አነሳ አነሳና፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ቡናው ብቻ ነው የተበላሸው» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «እንግዲህ ብትጋቡ ይሻላል፤ ቡናችሁ ቀድሟችኋል።» ልጅቷ ከንዴቷ ብዛት ቲቶን በባዶው ቅርጫት አባረረችው፤ ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ሳቀ።

ፔጅ ፎልት የሚባለውም ይኸው ነው፤ ጥፋት አይደለም፤ የዕለት ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ገና ያልተሰጠውን የሜሞሪ ገጽ ሲነካ ማሽኑ ያስቆመዋል፤ ከርነሉ ባዶ ገጽ ፈልጎ ያመጣና ቦታው ላይ ተክሎ «ቀጥል» ይለዋል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ያንኑ ገጽ እኩል ሲነኩ ነው ሽሚያው። ሁለቱም ቦታውን ባዶ ያዩታል። ሁለቱም የየራሳቸውን ገጽ ሊያመጡ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ይተክልና የሙቀቱን ልክ ይጽፍበታል። ሁለተኛው መጥቶ የራሱን ባዶ ገጽ በዚያ ላይ ይተክላል። የተጻፈው ከነገጹ ይጠፋል።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ገጽህን አምጣ፣ ቆልፍ፣ እንደገና እይ፤ ሌላ ሰው ቀድሞህ ከሆነ የራስህን መልስና በእሱ ቀጥል። እርስዎ መቆለፊያውን እንዳለ ትተው እንደገና ማየቷን አወጡ። ጋሼ፣ መቆለፊያ ተራ ያስይዛል እንጂ አያይም። አሁን ሁለቱ በየተራቸው፣ በሥርዓት ተሰልፈው ነው አንዱ የሌላውን የሚያጠፋው።

ስህተቱ ይመለሳል። መስመሯን ዛሬውኑ ይመልሷት። የጠየቅሁትንም ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ጽጌሬዳ

---

ድሬስደን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለጽጌሬዳ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ፤ ለጥምቀቱም በጤና ያድርስሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ቤትም ቀየርኩ፤ ጉንፋንም ይዞኝ ነበር። የቡናው ዋጋ ዘንድሮ እንዴት ነው? እታገኝ ወገቧን ታማለች ወይስ ተሻላት? በሚዛንና በአማን መካከል ያለው መንገድ ተሠራ? በእኔ ጊዜ ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀር ነበር።

እንግዲህ አንድ ትንሽ ነገር። ጊዜ ካለሽ ብቻ። አንዳንድ መሣሪያዎች መዝገባቸው ውስጥ ባዶ ቦታ እያሳዩ ነው። ከድሮው ጋር ግንኙነት ያለው አይመስለኝም። የሥራ ባልደረቦቼ አይተውት ምንም አላገኙም። አንቺ በዚህ ነገር ዓይንሽ ደህና ስለሆነ ብታይልኝ ብዬ ነው። ያገኘሽውን ለእኔ ብቻ ላኪልኝ፤ በፕሮጀክቱ የውይይት መድረክ ላይ ሰው ከሚያደናግር በመካከላችን ቢያልቅ ጥሩ ነው። ቢቻል እስከ ሳምንቱ መጨረሻ።

እግዚአብሔር ያክብርሽ።

ባስልኤል

---

ሚዛን፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባስልኤል፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። እናቴ ወገቧ ደህና ነው። መንገዱ ተሠርቷል፤ ጭቃው ግን አሁንም እርስዎን የሚያስታውስ ይመስላል።

ትንሽ ነገር አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ያወጧት መስመር ናት። ደብዳቤዬን አንብበውት ነበር?

ሽሚያ ክፉነቱ ሲፈልጉት መጥፋቱ ነው። ባልደረቦችዎ ያላገኙት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ሠራተኞች አንድ ገጽ ላይ የሚጋጩት በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያውን አሰፋሁት። የመጀመሪያው እይታና መቆለፊያው መካከል ሆን ብዬ መዘግየት አስገባሁና ሁለት ሠራተኞች ያንኑ ገጽ ደጋግመው እንዲነኩ የሚያደርግ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በእርስዎ ኮድ የተጻፈው ወዲያው ይጠፋል፤ ሐያት እንኳ ቆማ አይታ፣ «ምነው፣ እንደ መብራታችን ብልጭ ድርግም ይላል?» አለች። መስመሯን መልሼ ሞከርኩት። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ዋለ፤ አንድ ነገር አልጠፋም።

ይህን በመካከላችን አልጨርሰውም። መሣሪያዎቹ የሚጠብቁት ክትባት ነው። ማቀዝቀዣው ሞቆ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ያ መድኃኒት ለሕፃን ይሰጣል፤ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መፈተኛውንም ማስተካከያውንም በስሜ፣ በቀጥታ፣ በፕሮጀክቱ መድረክ ላይ አወጣለሁ። ከጥምቀት በኋላ ነው የማወጣው። ዛሬ የምነግርዎት ቀድመው ራስዎ እንዲጽፉ ነው። ዕድል እየሰጠሁዎት ነው፤ ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም።

ጽጌሬዳ

---

ድሬስደን፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጽጌዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አጭር ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ለወጉ ጊዜ የለኝም።

እለምንሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺ። በዚህ ወር መጨረሻ ቋሚ የሥራ ውሌ ይፈረማል። እስካሁን በጊዜያዊ ነው ያለሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ እናትሽም እንዲህ ዓይነት ኑሮ ላይ መሆኔን አታውቅም። ያ ማስተካከያ ነው ስሜን ያስነሳልኝ። አሁን በስምሽ ብታወጪው «የባስልኤል ሥራ ተበላሽቶ ኖሯል፣ የራሱም አልነበረም» ይባላል። ከተፈረመ በኋላ የፈለግሽውን አደርጋለሁ። በእናትሽ ይሁንብሽ።

ባስልኤል

---

ሚዛን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባስልኤል፤

እግዚአብሔር ልብዎን ያረጋጋው። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት፤ በእሷ ስም ስለለመኑኝ መስማት ይገባታል ብዬ ነው። «ሥራ አጥቶ ቢመጣ አልጋም ምግብም አለን። ሕፃን በተበላሸ ክትባት ቢታመም ግን ምን አለን?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ደግሞ በእኔ ምሎ አይለምንሽ፤ እኔ ለራሴ እናገራለሁ» አለች።

ትናንት ላክሁት። ሐያት ቤት መብራት ስለጠፋ በጎረቤት ጄኔሬተር ነበር። ሐያት ሱቋን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከማጂ የመጣ ነጋዴ ማስረጃ ኮፒ ሊያስደርግ በሩን ቢያንኳኳ፣ «ዛሬ ዋና ቅጂ ነው የሚወጣው፤ ኮፒ ነገ!» ብላ መለሰችው።

ስለ እርስዎ አንድም ቃል አልጻፍኩም። እንዴት እንደሚጠፋ፣ መፈተኛው የት እንዳለ፣ ሁለተኛው እይታ ለምን እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው የጻፍኩት። የፕሮጀክቱ ዋና ተቆጣጣሪ መፈተኛውን ራሷ አስኪዳ ዛሬ ጠዋት መለሰች። «እኔም ጋ ጠፋ» ትላለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «የመጀመሪያውን ማስተካከያ ከጻፈው ሰው እኩል ይህን ክፍል እንዴት አወቅሽው?»

አልመለስኩላትም። መልሱ እርስዎ ጋ ነው።

ጽጌሬዳ

---

ድሬስደን፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለጽጌሬዳ፤

የአባቶቻችን አምላክ ሰላሙን ያብዛልሽ፤ እታገኝንም ይባርካት። ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ የተናገረችውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ጥያቄውን እኔም አየሁት። ጥቂት ቀን እንዳላየሁ ሆንኩ። በኋላ ጻፍኩ። አይተሽው ይሆናል። የመጀመሪያው ማስተካከያ የአንቺ መሆኑን፣ መስመሯንም ያወጣኋት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። አለቃዬ ጠርቶ ረጅም ሰዓት አነጋገረኝ። ቋሚው ውል ቀርቷል፤ በጊዜያዊው ግን ለአንድ ዓመት አራዝመውልኛል። የምኖርበት አላጣሁም። እንቅልፍም እንደ ድሮው ነው የምተኛው፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

አሁን አንድ ሐሳብ አለኝ። አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ግን ሩቅ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ኔትወርክሽም የማይታመን ነው። ኃላፊ ቢያደርጉሽ እንኳ ብዙ የሚያስቸግር ይመጣል። ሥራሽን በእኔ በኩል ብታሳልፊ፣ እኔ እንግሊዝኛውን አለዝቤ፣ የሁለታችንንም ስም ጽፌ፣ ድልድይ ልሁንሽ። ለአንቺም ይቀላል።

አሳቢሽ፣
ባስልኤል

---

ሚዛን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባስልኤል፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይራቅ። የጻፉትን አይቻለሁ። አመሰግናለሁ። ስለጻፉት ብቻ አይደለም፤ ሳያለባብሱ ስለጻፉት ነው። እናቴም አንብቢልኝ ብላ ሰምታ «አሁን ልጁ አደገ» አለች። በእሷ ቤት እርስዎ አሁንም ልጅ ነዎት፤ ይቻሉት።

የሜሞሪው ክፍል ለእኔ ተሰጥቷል። ባለፈው ሐሙስ ነው የጻፉልኝ። ቲቶ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀኝና አስረዳሁት። «ማለትም ሰው ባፈሰሰበት ላይ ሰው እንዳያፈስ መጠበቅ?» አለ። አዎ አልኩት። «ታዲያ እኔን ለምን አልቀጠሩኝም?» ብሎ ተቆጣ፤ እስካሁን ከልቡ ይሁን በቀልድ አላወቅሁም።

ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ጠዋት ጠዋት ሰዎች የላኩትን ማስተካከያ አነባለሁ። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያስደንቃል። ትናንት አንድ ሰው ከቆለፈ በኋላ ገጹን ሊያመጣ ሄዶ ሌላውን ሁሉ በር ላይ አስቁሞ አገኘሁት፤ መልሼ ላክሁለት፣ ለምን እንደሆነም በትዕግሥት ጻፍኩለት። ከሰዓት ቡናው ጋ እወርዳለሁ። መብራት ሲጠፋ እጠብቃለሁ። ሲመጣ እቀጥላለሁ። ከተማው ሩቅ መሆኑ ለእርስዎ ነው እንጂ ለእኔ አጠገቤ ነው።

ስለ ድልድዩ። አልፈልገውም። እንግሊዝኛዬ ሻካራ ከሆነ ሻካራነቱም የእኔ ነው፤ የሚያነቡት ሰዎች እስካሁን ተረድተውታል። ሴት ነሽ ያሉኝን ደግሞ እንደ ችግር ነው የጻፉት፤ ሁለተኛ እንዳይጽፉት። ስለ ሥራ መጻጻፍ ከፈለጉ መድረኩ ላይ ይጻፉልኝ፤ እንደማንም ሰው አነባለሁ፣ እንደማንም ሰው እመልሳለሁ፤ ስህተት ካለበትም እመልስብዎታለሁ። ስለ ቤተሰብ ከሆነ ይህ ደብዳቤ አለ፤ ደስ ይለኛል። ለፋሲካ ቢመጡ እናቴ በግ ታርድልዎታለች፤ እኔም ተቀብዬ አሳድርዎታለሁ፤ የሆነውን ማንም አያነሳብዎትም።

ግን ይህን ይወቁልኝ። ሥራዬን ወስዶ ስጦታ ሊልክልኝ የሚፈልግን ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም። የእኔ የሆነው ሲወሰድ ብቻ የሚነሳውን «በቤተሰብ መካከል ያንቺ የኔ አይባልም» የሚል ቃል አልሰማም። «ትንሽ ታገሺ» ሲባል የሚታገሠው ሁልጊዜ እኔ የምሆንበትን ትዕግሥትም አልታገሥም። ዘመድነትዎን እቀበላለሁ፤ ከልቤ ነው። ስሜ የተፋቀበትን የራሴን ሥራ ግን ከማንም እጅ፣ ከእርስዎም ቢሆን፣ አልቀበልም፤ ስሜ ከሥራዬ ላይ እንዲፋቅም ዳግመኛ አልፈቅድም።

ጽጌሬዳ አስረስ